የመጀመሪያዋ ጠብታ

አይቸው ኢየሩሳሌም ውስጥ፣ ኢትዮጵያ ጎዳና ላይ የአንድ ግቢ ዘበኛ ነበሩ። ልጃቸው ይርገዱ ኬሚካል ኢንጂነር ሆና ስትመረቅ ኩራታቸው ወሰን አልነበረውም፤ ሥራዋ ግን ጨርሶ አልገባቸውም።

«አረቄ ሲወጣ አይተዋል አይደል፣ አባባ? ጥንስሱ ይፈላል፣ እንፋሎቱ በሸምበቆ ያልፋል፣ ሲቀዘቅዝ ይንጠባጠባል። እኛም ፋብሪካ ተጠቅሞበት ያደፈውን አልኮል አፍልተን ንጹሑን እንለያለን። የእኛ ማሰሮ ግን እንደ ፎቅ ቤት ነው።»

«ይህን ሁሉ ዘመን ተምረሽ አረቄ አውጪ ሆንኩ በዪኛ!» እስኪያስላቸው ሳቁ። «እኔ እኮ ለሰፈሩ ሁሉ ሐኪም ናት ብያለሁ!»

«አይሳቁ። ትንሽ ማሰሮ ሙቀቷን ቶሎ ትተነፍሳለች፤ ትልቁ ግን አምቆ ይይዛል። አዲሱን የአልኮል ማጣሪያ ማማ ስናስጀምር የአንዳችን ሐሳብ ከተበተነ ሁላችንም እንቃጠላለን።»

ታናሽ ወንድሟ ደበበ አጠገባቸው ሆኖ ያዳምጥ ነበር።

«እንግዲያስ የመጀመሪያዋን ጠብታ አምጪልኝ» አሉ አይቸው። «እሷን ሳላይ አልሞትም።»

ማማው ከኢየሩሳሌም በስተደቡብ፣ በረሃው ውስጥ ነበር። ስትሄድ አባቷ ሳል ጠንቶባቸው ተኝተው ነበር። ማታ ማታ ትደውላለች።

«አባባን አገናኘኝ።»

«ተኝተዋል። በሴደር ነው፣ ደኅና ናቸው፤ አንቺ ሥራሽን ጨርሺ» ይላል ደበበ፣ እንደ ልማዱ ዕብራይስጥ ቀላቅሎ።

እሷም ሙቀቱን እያየች፣ ቧንቧውን በጥቂት በጥቂቱ እየከፈተች ሰነበተች። የጠራው ሲንጠባጠብ በትንሽ ጠርሙስ ተቀበለችና ወደ ኢየሩሳሌም ገሰገሰች።

የቤቱ በር ወለል ብሎ ተከፍቷል። ሽማግሌዎች ተቀምጠዋል። የእናቷ ቀሚስ እንደ ሐዘን ወግ አንገቱ ላይ ተቀዷል።

«መቼ?» አለች።

አጎቷ ሰይፉ ተነሡ። «በሄድሽ ማግሥት፣ ልጄ። እግዜር ያጽናሽ።»

«እኔ ሳልቀብራቸው? ደበበ! ተኝተዋል አላልከኝም?»

«ሐሳባችን ከተበተነ እንቃጠላለን ያልሽው አንቺ ነሽ» አለ ደበበ፣ ዐይኗን ማየት አቅቶት። «አንቺንም እንዳንቀብር ፈራን።»

መርዶን ጊዜ ጠብቆ መንገር የአባቶች ወግ ነው፤ ሰው የሚወደውን ከእሳት ሊያተርፍ ብሎ ሌላ እሳት ውስጥ ይማግደዋል። ይርገዱ ሙቀት በምን በኩል እንደሚወጣ ስታጠና ኖራለች። ለዚህኛው መውጫ አላገኘችለትም።

የመቃብሩ ድንጋይ በቆመ ዕለት ጠርሙሱን ይዛ ሄደች። «ይኸው፣ አባባ» ብላ አፈሰሰችው። ንጹሕ አልኮል አይቆይም፤ ስማቸውን አንብባ ሳትጨርስ ድንጋዩ ደረቀ።