የጊታሩ እዝዝታ

ያህያ፣ ባሕር ማዶ ብሬብሩክ በሚባል ሰፈር ባለው ቤቱ ጋራዥ ውስጥ፣ አራት ወር የለፋበትን የኤሌክትሪክ ጊታር ለልጁ ለኒስሪን አቀበላት። እንጨቱን ያገኘው ትሩጋኒና ሰፈር ከሚሠራበት መጋዘን ከተጣለ ፓሌት፣ ከዕቃ መጫኛ ርብራብ ነው። ጠርቦ፣ ልጎ፣ በዘይት አሽቶ መስታወት አስመስሎታል። ኒስሪን ከሆስፒታል ሺፍቷ እንደተመለሰች ዩኒፎርሟን ሳትቀይር ገመዱን አምፕሊፋየሩ ላይ ሰካች። ጊታሩ ገና ሳይመታ እዝዝ አለ።

«አባዬ፣ ይሄ ጊታር ነው ፍሪጅ?»

«እስቲ ክሩን ያዢው።»

ስትይዘው ጭራሽ ባሰበት።

ቅዳሜ የጎረቤት ሠርግ ላይ ልትጫወት ቃል ገብታለች። «እስከዚያ ካልተስተካከለ የጓደኛዬን ቦሮው አደርጋለሁ፤ ልታውሰኝ እሺ ብላለች፤ ሶሪ አባዬ» አለችው። ሶሪዋ ጆሮው ውስጥ ቆየ። ያህያ ደሴ እያለ ሬዲዮ ጠጋኝ ነበር። እዚህ አገር ግን ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ፣ እጁ ዕቃ ማንሻ ፎርክሊፍት ከመንዳት ሌላ ምን እንደሚችል የጠየቀው ሰው የለም።

የጊታሩን የጀርባ ክዳን ከፈተ። እዝዝታ እንዳይገባ የጊታሩን ሆድ ወለሉንም ግድግዳውንም በመዳብ ቴፕ ለብዶታል፤ መጋጠሚያዎቹን በይዶ ኮረንቲን ወደ መሬት ከሚያወርደው ከግራውንዱ ሽቦ ጋር አገናኝቷል። በቴስተር ሲለካው ሁሉም ደህና ነው። የቀረው ክሮቹ ከሚያርፉበት ብረት ወደ መዳቡ መሄድ ያለበት ሽቦ ብቻ ነው። እሱንም ረስቶት አይደለም፤ ፈርቶ ነው የተወው።

ሙያውን ያስተማሩት ጋሼ ሱሌይማን ኮረንቲ ያኮማተረውን ጣታቸውን እያሳዩ «ሰው የሚነካውን ብረት ከውስጥ ሽቦ ጋር እንዳታገናኝ! ነፍስ ታጠፋለህ» ይሉት ነበር። እውነታቸውን ነው፤ የዚያን ጊዜ አንዳንድ ሬዲዮ የውስጥ ብረቱ በቀጥታ ከግድግዳው መብራት ጋር የተያያዘ ነበር። የጊታሩ ነገር ሌላ እንደሆነ፣ ግራውንዱ በአምፕሊፋየሩ መሰኪያ ሦስተኛ እግር በኩል መሬት እንደሚደርስ ያህያ ወረቀት ላይ ሥሎ ያውቀዋል። እጁ ግን እምቢ አለ። ክሮቹን የሚነኩት የልጁ ጣቶች ናቸዋ።

አምፕሊፋየሩን ነቅሎ ከሦስተኛው እግር እስከ ገመድ ማስገቢያው ብረት ለካ። ደግሞ ለካ፤ ሁለቴም ደህና ነው። የግድግዳውን ሶኬት የአከራዩ ኤሌክትሪሺያን ባለፈው ወር ፈትሾታል።

«ኧረ አባዬ፣ የሱቅ ጊታር ሁሉ እንደዚህ ነው እኮ!»

«የሱቁን ማን እንደሠራው አላውቅም። ይሄን የሠራሁት እኔ ነኝ።»

በቀጭን መሰርሰሪያ ቀዳዳ አበጅቶ ሽቦውን ከብረቱ ሥር አስገባ፤ ሌላውን ጫፍ መዳቡ ላይ በየደ። ክዳኑን ገጥሞ ገመዱን ሰካ።

«አንቺ ራቅ በይ፤ መጀመሪያ እኔ ልያዘው።»

አምፕሊፋየሩን ሲያበራው እዝዝታው ቀነስ ብሎ መጣ። ያህያ «ቢስሚላህ» ብሎ መዳፉን ክሮቹ ላይ አሳረፈ።

እዝዝታው ጠፋ።

እጁን ሲያነሣ እዝዝ፤ ሲያሳርፍ ጸጥ። የመንገዱ ምሰሶዎች፣ የጎረቤቱ ማጠቢያ ማሽን፣ የከተማው ኮረንቲ ሁሉ የሚረጩት ሞገድ በዚህ ጋራዥ አየር ውስጥ፣ በእሱም ገላ ላይ ሳይታይ ሲመላለስ ኖሯል። ሃምሳ ስምንት ዓመት ሙሉ ሰውነቱ አንቴና መሆኑን አያውቅም ነበር። አሁን ያ ሁሉ በአንዲት ክር በምታህል ሽቦ መሬት ሲገባ እንደ ሕፃን ልጅ አፉን ከፍቶ ቀረ።

«ስሚው!»

«ምኑን? ምንም የለም እኮ!»

«እሱን ነዋ!»

ኒስሪን ሳቀችና ጊታሩን ተቀበለችው። ያህያ አንድ ነገር ቢፈጠር ሊያጠፋው የአምፕሊፋየሩን ማብሪያ ይዞ ቆመ። አንድ ዜማ ጀምራ መሃል ላይ ቆም ስትል፣ ከእጇ ሥር ምንም አልተሰማም። ሌላም ጀመረች፤ ያህያ እጁን ከማብሪያው ላይ አነሣ።

«ያንቺ ጊታር ይቅርብኝ ብዬ ለጓደኛዬ ቴክስት ላድርግላት» አለችና ስልኳን አወጣች። ግራ እጇ ግን ከክሮቹ ላይ አልተነሣም።