የቀኝ እጅ ለቅሶ

በጃንሆይ ዘመን ሰበታ ውስጥ አንድ እጅ ተቀብሮ፣ እድር ሙሉ ቀን ተከራክሮበታል ብዬ ሳወራ ሰው ይስቃል። ይሳቅ፤ እኔም ስቄያለሁ። ነገሩን የጫርኩት ግን እኔው ነበርኩ፣ ያውም ሳሙና ልገዛ ሄጄ።

ያን ጊዜ ገና ያላገባሁ ልጃገረድ ነበርኩ፤ የምኖረው ከታላቅ እህቴና ከባሏ ጋር ነው። ልጅ አልነበራቸውም። የእህቴን ባል ጋሼ ነበር የምለው። እሱና እኔ ጅማ መንገድ ዳር በነበረ የጥጥ ፋብሪካ እንሠራ ነበር፤ እኔ ክር አጠነጥናለሁ፣ እሱ ጥጥ የሚያባዝተው መኪና ላይ ነው። መቸኮል የማያውቅ ሰው ነበር። ፈረቃ ሲለወጥ ሰው በሩ ላይ ሲጋፋ እሱ ዳር ቆሞ ሁሉም እስኪወጣ ይጠብቃል። አንድ ጠዋት መኪናው ቀኝ እጁን ይዞ አልለቅ አለ። አዲስ አበባ ሆስፒታል አደረሱትና ሐኪሞቹ ከክርኑ በታች ቆረጡት።

እህቴ ልትጠይቀው ስትሄድ ነርሷ በነጭ ጨርቅ የተጠቀለለ ነገር አምጥታ፣ «እኛ እናስወግደው ወይስ ትወስጂዋለሽ?» አለቻት። እህቴ «እናስወግደው» በሚለው ቃል ተናደደች። የሰው እጅ ምን በወጣው፣ እንደ ጉድፍ የሚጣለው? ዘንቢሏ ውስጥ ከተተችው፤ ሁለት ጥቅል ጎመን ገዝታ ላዩ ላይ ደረበችና በአውቶቡስ ይዛው መጣች። ጎመኑ ለምን እንዳስፈለገ ስጠይቃት፣ «አጠገቤ የተቀመጠ ሰው ምን ይዘሻል ቢለኝስ?» አለችኝ። ጎመኑን በማግስቱ ቀቅለን በላነው።

የንስሐ አባታችን እጁም በትንሣኤ ቀን ከባለቤቱ ጋር መነሣቱ አይቀርምና በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ይቀበር አሉ። ቀባሪዎቹ እኔ፣ እህቴ፣ ቄሱና ጉድጓድ ቆፋሪው ብቻ ነበርን። ጥቅሉ ትንሽ ስለሆነ ቆፋሪው የሕፃን ሬሳ መሰለው። አፈሩን መልሶ ሲጨርስ ለእህቴ «እግዜር ሌላ ይስጥሽ» አላት። እሷም ምን ትበል፣ አሜን አለች።

ጋሼ ቁስሉ ሲሽር ፋብሪካው ጥቂት ብር አስጨብጦ አሰናበተው። ቤቱ በእኔ ደመወዝ ላይ ወደቀ። እኔ አላማረርኩም፣ እሱ ግን እንጀራ ሲቀርብለት ዓይኑን ያሸሽ ጀመር። ከዚያ አንድ የሚካኤል ዕለት እህቴ ቤተ ክርስቲያን ስትሳለም በሩ ላይ ከየኔ ቢጤዎቹ መሐል ተቀምጦ አገኘችው። ገና አልለመነም። ጋቢውን ተከናንቦ መቀመጡን ብቻ እየሞከረው ነበር። ግራ እጁን ይዛ አስነሣችውና ወደ ቤት ወሰደችው። ከዚያ ወዲህ እህቴ ከቤት ስትወጣ ጋቢውን ደብቃ ነበር የምትሄደው፤ ጋቢ ከሌለው አይለምንም ብላ ይሆናል። እስከ መቼ ትደብቀዋለች የሚለው ግን እኔንም እሷንም ያስጨንቀን ነበር።

ጋሼ አባል የሆነበት የሰፈራችን እድር ክርስቲያኑንም እስላሙንም የያዘ ነው። ገንዘብ ያዡ ከወደ ስልጤ መጥቶ ከቤታችን ፊት ለፊት ሱቅ የከፈተ ነጋዴ ነበር። ሳሙና ልገዛ ሄጄ ድንገት አንድ ነገር መጣልኝ።

«እኔ የምለው፣ ቀብር የቀረ እድርተኛ ይቀጣል አይደል?»

«እንዴታ። እኔ ራሴ ተቀጥቼ አውቃለሁ።»

«እንግዲያው የጋሼ እጅ ሲቀበር ሁላችሁም ቀርታችኋል። ማን ነው የሚቀጣችሁ?»

ሳቀ። ሳሙናውን እየቆረጠ ነበር፤ ከዚያ ሳቁንም ቢላዋውንም አቆመ። «ቆይ እስቲ» አለ። «ደንባችን ገንዘብ የሚሰጠው ለማን እንደሆነ ታውቂያለሽ? ‹ቀብር ከቤቱ ለወጣበት አባል› ነው የሚለው። ሰው ለሞተበት አይልም።»

እኔ ጨዋታ ነበር የያዝኩት። እሱ ግን ደንቡን ለራሱ ደጋግሞ እያለ ሳሙናዬን ሳይሰጠኝ ቀረ፤ ተመልሼ ወሰድኩት።

በሚቀጥለው እሑድ እድሩ ከቤተ ክርስቲያኑ በታች ባሕር ዛፉ ሥር ተሰበሰበ። ሴቶች ስብሰባ አይገቡም፤ ነገር ግን ራቅ ብለን ሣሩ ላይ ጥጥ እየፈተልን መቀመጥ የከለከለን አልነበረም። የእድሩ ዳኛ በዕድሜ የገፉ ገበሬ ነበሩ፤ ኦቦ ነበር የምንላቸው። «አካም ጅርቱ፣ ነጋዳ?» ብለው የሁሉንም ደኅንነት በኦሮምኛ ጠየቁ፣ በአማርኛ መረቁና ነጋዴው ነገሩን እንዲያስረዳ ፈቀዱለት። ጋሼ የተቆረጠ ክንዱን በኮቱ እጅጌ ሸፍኖ ዳር ላይ ቆሟል።

ነጋዴው ሲጨርስ መጀመሪያ የተነሣው የፋብሪካው ጸሐፊ ነው። ክራባት ያስራል፤ እኔ ገና ክራባቱን ሳይ ነበር የጠላሁት።

«እድር የሙት ነው» አለ። «በሕይወት ላለ ሰው መክፈል ከጀመርን ነገ ሁሉም ጣቱን እየቆረጠ ይመጣል።»

«ጣቱን ቆርጦ የሚመጣ ካለ ከኪሴ እከፍለዋለሁ፣ ይምጣ» አለ ነጋዴው። ተሳቀ።

ጸሐፊው አልሳቀም። «እኔ ለክፋት አይደለም። የምናዋጣው ትንሽ ነው። ዛሬ እጁ ለተቆረጠ ብለን፣ ነገ ሥራ ለፈታ፣ ከነገ ወዲያ ቤቱ ለተቃጠለ ስንል፣ ሰው ሲሞት በምን እንቀብራለን? ደግሞስ ሥራ መች ጠፋ? እዚህ ዓይነ ስውራኑ ትምህርት ቤት ያሉት እንኳ ቅርጫት ይሠራሉ።»

ይህን ሲል ትንሽ ገረመኝ። ልክ ነው ብዬ አሰብኩ። ክራባት የሚያስር ሰው ልክ ሲሆን ደስ አይልም፣ ግን ድሆች ነበርን፤ ካዝናውም የድሃ ካዝና ነው። ከዚያ ሌላ ሽማግሌ ተነሡና፣ «ዘመድ የለውም ወይ? ያቺ የሚስቱ እህት ፋብሪካ ትሠራ የለም እንዴ?» አሉ።

የስብሰባው ራስ ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። እንዝርቴን ያዝኩ። የሚያዩት ምኔን እንደሆነ ማወቅ ፈልጌ ራሴን ዝቅ ብዬ አየሁ፤ የተሰፋ ጫማና የታጠበ ቀሚስ ነው ያለው። ተናደድኩ። አጠገቤ ላለችው ሴት፣ «የማበላቸው እስካገባ ነው ወይስ እስክሞት?» አልኳት በሹክሹክታ። ጭኔን ቆነጠጠችኝ። እህቴ ደግሞ ቀና አላለችም፤ ክሯ ሁለት ጊዜ ተበጠሰባት።

ኦቦ ሁሉም ተናግሮ እስኪደክም ጠበቁ። «ኤዬ» አሉ በመጨረሻ። «እኛ ገበሬዎቹ የአንዱ በሬ ሲሞትበት በደቦ እናርስለታለን። የሞተው በሬው ነው፤ ሰውየው አልሞተም። ሰውየው እስኪሞት ብንጠብቅ ማሳው ጦሙን ያድራል። የዚህ ሰው በሬው እጁ ነበረች።» ከዚያ ወደ ቄሱ ዞሩ። «አባ፣ ቀብር ነበር ወይስ አልነበረም?»

«ነበረ» አሉ ቄሱ። «ፍትሐት ግን አልፈታሁም። እጅ ብቻዋን ኃጢአት ትሥራ አትሥራ እርግጠኛ ስላልነበርኩ።»

ሳቁ እስኪበርድ ጥቂት ቆየ። ሲበርድ ግን ነገሩ ያለቀ መሰለ፤ አንዳንዱ ሰው ልብሱን እያራገፈ ሊነሣ ነበር። በዚህ መሐል ጸሐፊው እጁን አወጣ።

«ይሁን» አለ። «ቀብር ነው ካላችሁ ቀብር ነው። ግን እድር ለአንድ ሰው ቀብር የሚወጣው አንድ ጊዜ ነው። ይህ ሰው አሁን ድንኳን ከተተከለለት፣ የሞተ ጊዜስ?»

ይህንን ማንም አላሰበውም። እኔም አላሰብኩትም፤ ሁሉን ነገር እንደ ጨዋታ ስጎረጉር የኖርኩ ሰው ይህ አልታየኝም። ኦቦ ሽማግሌዎቹን ይዘው ዘወር አሉ፣ ብዙ ተነጋገሩ። ሲመለሱ ፊታቸው ላይ ጨዋታ አልነበረም።

«ልጄ» አሉት ጋሼን፣ «ዱጋዳ፣ ጸሐፊው እውነቱን ነው። ሁለት ጊዜ መውጣት ካዝናችን አይችልም። እንግዲህ ምረጥ። አሁን እንውጣልህ ወይስ ያን ቀን?»

ዛሬ ይህን የሚሰማ ወጣት ምርጫው ቀላል ይመስለዋል። ያን ጊዜ ያለ እድር መቀበር ማለት የሚሸከምህ ማጣት፣ ለቀስተኛህ ሜዳ ላይ በፀሐይ መቀመጥ፣ ሚስትህ ንፍሮ የምታቀርብበት ሰፌድ ከየቤቱ መለመን ነው። ሰው ርቦት እንኳ የእድር መዋጮውን አያስታጉልም ነበር። ጋሼ እንደ ልማዱ አልቸኮለም። መሬት መሬቱን አየ።

«ያን ቀን እኔ አልኖርም» አለ። «የምትኖረው እሷ ናት። እሷን ጠይቁልኝ።»

በእድር ስብሰባ ሴት ተጠይቃ አታውቅም። ወንዶቹ እርስ በርስ ተያዩ። ኦቦ ግን በከዘራቸው ጠሯት፤ «ኮቱ፣ ኢንተላ ኮ። ነይ፣ ልጄ።»

እህቴ እንዝርቷን እኔ ጭን ላይ ጥላ ተነሣች። መሐል አልገባችም፣ ዳር ቆመች።

«አባቴ» አለቻቸው፣ «ሬሳውን ጎረቤት ለምኜም ቢሆን እቀብረዋለሁ። እሱ ቤተ ክርስቲያን በር ተቀምጦ ሲለምን ግን ማየት አልችልም። አሁን ውጡልኝ።»

በማግስቱ ጎሕ ሲቀድ ጡሩምባ ነፊው ወጣ። ምን ብሎ እንደሚለፍፍ ግራ ገብቶት ሦስት ቦታ ቆሞ ሦስት ዓይነት ነገር ተናገረ። በእኛ በር ሲያልፍ፣ የጎረቤታችን ቀኝ እጅ ስላረፈች እድርተኛ ሁሉ እንዲወጣ፣ የቀረ እንደሚቀጣ ሲናገር ሰማሁት። የወጣም ሰው በዛ። ጸሐፊው ድንኳኑን ከሚተክሉት ጋር ካስማ ሲመታ አየሁት፤ ክራባቱን ወደ ትከሻው ወርውሮታል።

እንዲህ ያለ ለቅሶ ከዚያ በፊትም በኋላም አላየሁም። ሟቹ ራሱ በር ላይ ቆሞ ለቀስተኛ ይቀበላል። «እግዜር ያጥናህ» ይሉታል፣ «እናንተንም ያኑርልኝ» ይላል። አንዳንዱ ቀኝ እጁን ዘርግቶለት ያፍርና በግራ ይለውጣል። ነጋዴው ከድንኳኑ ጥግ ጋሼን ይዞ ስለ ላምባ ነገረው፤ ከእድሩ በሚያገኘው ገንዘብ በርሜል ላምባ እንደሚያስመጣለት፣ እየቀዱ መሸጡ በግራ እጅም እንደሚቻል። ጋሼ ከአደጋው ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ጥያቄ ሲጠይቅ ሰማሁት፤ የቱ ጣሳ እንደሚሻል፣ ማንቆርቆሪያውን በምን እንደሚደግፈው። እኔም ተነፈስኩ። ተሳካ አልኩ በልቤ።

በሦስተኛው ቀን፣ ድንኳኑ ሊፈርስ ሲል፣ እህቴ አለቀሰች። እስከዚያ ድረስ ንፍሮ ስታቀርብ፣ ውኃ ስትቀዳ ነበር የዋለችው። ድንገት መሐል ገብታ ነጠላዋን ታጠቀችና ደረቷን እየመታች ታለቅስ ጀመር። ስለ እጅ አልነበረም የምታለቅሰው። ጋሼን በስሙ እየጠራች፣ ቁመቱን፣ ዝምታውን፣ ከሥራ ሲመለስ በር ላይ ጫማውን እንዴት እንደሚያራግፍ እያነሣች፣ ጥለኸኝ የት ሄድክ ትላለች። ሰዉ መጀመሪያ ግራ ተጋባ። ጋሼ አጠገቧ ቆሟል።

ክንዷን ያዝኩት። «እትዬ፣ ምን ሆነሻል? ይኸው እኮ አለ፣ ቆሟል» አልኳት።

«አውቃለሁ» አለችኝ ሳታቆም። «እሱ የሞተ ቀን ሰው የለኝም። ሰው ተሰብስቦልኝ ሳለ ላልቅስለት።»

በድንኳኑ የነበሩ ሴቶች ሰሟት። አንድ በአንድ እየተነሡ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው አብረዋት አለቀሱ፤ እኔም አለቀስኩ። ድንኳን የሚያፈርሱት ወንዶች ገመዱን ለቀው ጠበቁ። ጋሼ እስክትጨርስ ድረስ ከአጠገቧ ሳይንቀሳቀስ ሰማት።