ወንበራችሁን ይዛችሁ ኑ

ከደብረ ብርሃን በወጣሁበት ሌሊት እናቴ ሻንጣዬ ውስጥ ሁለት ሹራብና አንድ ጋቢ ጨመረችልኝ። «እማዬ፣ የምሄደው ጋምቤላ ነው እኮ» ብላት፣ «ብርድ የሌለበት አገር አለ እንዴ!» አለችኝ። ከጎሬ ቁልቁል ስንወርድ መጀመሪያ ሹራቤን፣ ቀጥሎ ነጠላዬን፣ ከዚያ ጫማዬን አወለቅሁ። አጠገቤ የተቀመጠው ሰውዬ «እህቴ፣ ሌላ የምታወልቂው ካለ ቀድመሽ ንገሪኝ፣ ቦታ ልቀይር» ብሎ አሳቀኝ።

ይኸው አምስት ዓመቴ። አንደኛ ደረጃ አስተምራለሁ፣ አግብቻለሁ፣ ዘንድሮ ደግሞ ሴት ልጅ ወለድኩ። ባለቤቴ ኢታንግ ስለሚሠራ የምናገኘው ቅዳሜና እሑድ ነው። እናንተ እዚያ ደብረ ብርሃን ብርድ ላይ ሆናችሁ «ሙቀቱን እንዴት ቻልሽው?» ትሉኛላችሁ። ኧረ አልቻልኩትም! አልጋችንን ከነአጎበሩ ደጅ አውጥተን ነው የምንተኛው። አከራያችን ጋሽ በላይ ይህን ያዩ ዕለት፣ «ያከራየሁሽ ክፍሉን ነው፣ ግቢውን መቼ አከራየሁሽ?» አሉኝ።

«እንግዲያው ሙቀቱን ከክፍሉ ያስወጡልኝ» አልኳቸው።

ሳቁ። ኪራዩን ግን አልቀነሱልኝም።

ጭንቅ የመጣው በልጄ ክርስትና ነው። ሰማንያ ቀኗ ሁዳዴ መሃል፣ እሑድ ዋለ። እማዬ ደውላ «ይዘሻት ነይና ወገን ባለበት ክርስትና ትነሳ» አለችኝ። ጨቅላ ታቅፌ ያን ሁሉ መንገድ የምሄድበት ገንዘብም ጉልበትም የለኝ። እሷም እግሯን ስለሚያማት መምጣት አትችልም። «እዚያ ማን አለሽና ነው? የልጅ ልጄ ወገን እንደሌላት ትነሳ?» ብላ ስልኩን ዘጋችብኝ። ማንም ሳይመጣ ቢቀርና እናቴ እውነቷን ቢሆንስ?

በእልህ፣ እንደ አገር ቤት ነው የምደግሰው አልኩ። ድንኳን፣ የኪራይ ወንበር፣ ምሳ በሰባት ሰዓት። ባለቤቴ ዝርዝሩን አይቶ «ድንኳኑን ከተከራየን አይቀር እዚያው እንኑርበት፣ ለቤት ኪራይ የሚተርፈን የለም» አለኝ። ጾም ሆኖ ከሥጋ ወጪ ባይገላግለን ኖሮማ ጉዳችን ነበር።

ነገሩን የገለበጠችው ጎረቤቴ አርየት ናት። አኙዋ ናት፣ እዚሁ ባሮ ዳር ተወልዳ ያደገች፣ የትምህርት ቤታችን ጸሐፊ። ጴንጤ ናት፤ በእነሱ ቸርች ያለ እሷ አንድም ፕሮግራም አይሳካም። ዝርዝሬን አነበበችና ሳቀች።

«ድንኳን ለምን? ግቢሽ ውስጥ ማንጎ ዛፍ አለ አይደል?»

«እንግዳ ዛፍ ሥር ላስቀምጥ?»

«በሰባት ሰዓት ድንኳን ውስጥ ሰው ራሱ ይቀቀላል። ጠዋት አድርጊው። ከቤተ ክርስቲያን ስትመለሱ ይብላ፣ ፀሐይ ሳይበረታ ይሂድ።»

«ወንበሩስ?»

«ሁሉም ቤት ወንበር አለ። ይዞ ይመጣል።»

እስቲ እናንተው ፍረዱኝ፤ የጠራችሁትን ሰው ወንበርህን ይዘህ ና ትሉታላችሁ? «አንቺ ልጅ፣ ልታዋርጂኝ ነው!» አልኳት። እሷ እቴ! በማግስቱ ሰፈሩን ዞራ ነግራ ጨርሳለች። እኔም ልጄን አዝዬ በየበሩ «ኧረ ወንበሩን ተዉት፣ ነውር ነው» እያልኩ ስለምን ዋልኩ። አንዲት ሴትዮ ትክ ብላ አየችኝና «ታዲያ ቆመን ነው የምንበላው?» አለችኝ። ለኪራይ የሚበቃ ብር የለኝ፣ ተመልሼ «በሉ ይዛችሁ ኑ» እንዳልል አፈርኩ። ድግሴን በገዛ አፌ አፈረስኩት።

ቅዳሜ ምስሩንም ጎመኑንም ስሠራ የዋልኩት ማን ይበላዋል እያልኩ ነው። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ባለቤቴን «ያለን ስድስት ወንበር ነው፣ ሰው ከመጣ እኛ እንቆማለን» አልኩት።

የግቢውን በር ስከፍት ማንጎው ሥር መቆሚያ የለም! ሰማያዊ ፕላስቲክ፣ ነጭ ፕላስቲክ፣ በጠፍር የተሠራ፣ አንድ እግሩ በሽቦ የታሰረ፤ በየላዩ ባለቤቱ ተቀምጦበታል። አንድ የሥራ ባልደረባዬ ሶፋውን በባጃጅ ጭኖ መጥቷል። ያቺ ሴትዮ ሁለት ይዛ መጥታ «አንዱ ያንቺ ነው፣ ከወለድሽ ወዲህ ተቀምጠሽ አላየሁሽም» አለችኝ። ጋሽ በላይ እንኳ ዱካቸውን አንጠልጥለው ወጡና «ለጥላው አላስከፍልሽም፣ ለዛሬ ብቻ» አሉ።

አርየትን ጎትቼ «ተዉት ብያቸው አልነበረም እንዴ?» አልኳት።

«ካንቺ ኋላ እኔ ዞርኩ። አራስ ናት፣ አትስሟት አልኩ።»

ቀዝቃዛው ሱፍ ፍትፍት ወዲያው አለቀ። ማንጎው ከዛፉ እየተለቀመ በየሳህኑ ዞረ። የአርየት ጓደኞች በአኙዋኛ ዘመሩ፣ የእኛዎቹ በእልልታ ተቀበሏቸው። ዕድሜ ለአርየት፣ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም።

በዚህ መሃል እማዬ ደወለች። ጫጫታውን እንድትሰማ ብዬ ስልኩን በድምፅ ማጉያው ለቀቅኩት።

«ማነው እንዲህ የሚጮኸው?»

«እንግዶቼ ናቸው እማዬ።»

«ከየት መጡ ደግሞ?»

አፌን ሳልከፍት አርየት ስልኩን ተቀበለችኝ። «እማማ፣ አርየት እባላለሁ። ጎረቤት ነኝ። አይዞዎት፣ ሁለቱንም እኔ አያቸዋለሁ።»

እናቴ ትቀየማለች ብዬ ፈራሁ። እሷ ግን፦ «እግዜር ይስጥሽ ልጄ። በይ ስሚኝ፣ ሕፃኗን ከነፋስ ጠብቂልኝ። እናትየዋም ውኃ አትጠጣም፣ ግድ በያት። ካኮረፈች ምግብ አትቀምስም፣ ዝም ብለሽ አጉርሻት...»

አርየት «እሺ እማማ፣ እሺ» ትላለች። እናቴ ከልጅነቴ ጀምሮ ያለውን ጉዴን አንድ በአንድ ታስረክባታለች። ስልኩን ልቀበል እጄን ብዘረጋ አርየት «ቆይ» ብላ በምልክት አስቆመችኝ። ካርዷ አልቆ እስኪቋረጥ እማዬ አንዴም እኔን አቅርቢልኝ አላለቻትም። ደስ ብሎኛል፣ እውነቴን ነው። ግን አንዴ እንኳ ስሜን ብትጠራኝ ምን ነበረበት?