ለሁለት ሰው አንድ ጣት

ፕሮግራሚንግ ሳስተምር ምሳሌ ሳልይዝ ክፍል አልገባም። የዚያን ቀን ምሳሌዬ የሳቢያን ሰፈር ባጃጆች ሰልፍ ነበር። ሰልፉን የሚወክል ክላስ፣ ማለትም የፕሮግራም ንድፍ፣ ራሳችን ጻፍን። ኮምፒውተሩ ግን እኛ የፈጠርነውን ነገር አንድ በአንድ እንዴት እንደሚያልፍበት አያውቅም፤ «ቀጣዩ ማን ነው?» ሲባል የሚመልስ፣ የት እንደደረሰም የሚያስታውስ ነገር ልንሰጠው ይገባል። «ጣት በሉት» አልኳቸው፤ «ከባጃጅ ወደ ባጃጅ የሚሄድ ጣት።» ጣቱን እዚያው ሰልፉ ውስጥ አስቀመጥኩት፤ ለአንድ ሰልፍ አንድ ጣት።

ከመልካ ጀብዱ የምትመላለስ አንዲት ተማሪ የቤት ሥራውን በሌላ መንገድ ሠርታ መጣች። ለጣቱ ብቻውን ክላስ ጽፋለታለች፤ ሰልፉን አንድ በአንድ ማለፍ በተጀመረ ቁጥር አዲስ ጣት ይፈጠራል።

ሥራዋን በፕሮጀክተር አሳየሁና «አንድ በር ለሚበቃው ቤት ሁለት በር ሠራችለት» አልኩ።

«አቦ፣ አንዱ ለእንግዳ ነው!» አለ ከኋላ አንዱ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ።

እሷ አልሳቀችም። «ቲቸር፣ ወንድሜ ተራ አስከባሪ ነው። ሁለት ሆነው ነው የሚሠሩት፤ አንዱ ባለተራውን ሲጠራ ሌላው ሰልፍ የገባውን ይመዘግባል። ለሁለት ሰው አንድ ጣት ይበቃል?»

«እዚህ ያለው አንድ ኮምፒውተር ነው» ብዬ ዘጋሁት። ነጥብም ቀነስኩባት። ያንን ሁሉ አጥፍታ እንደኔ አድርጋ ጻፈችው። ከዚያ በኋላ እጇን አላወጣችም፤ በሚቀጥለው ሴሚስተር የትምህርት ክፍል ቀየረች።

ጓደኞቿ ከተመረቁ በኋላ ነው የገባኝ። አዲስ መልመጃ እያዘጋጀሁ ነበር፤ እያንዳንዱን ባጃጅ ከሌሎቹ ሁሉ ጋር የሚያነጻጽር፤ የውጪው ዙር አንድ ባጃጅ ይይዛል፣ የውስጠኛው ዙር ሌሎቹን ሁሉ ያልፍባቸዋል። የመጀመሪያው ከሁሉም ጋር ተነጻጸረ፤ ከዚያ ፕሮግራሙ ስህተት አለ እንኳ ሳይል ቆመ። ጠዋቱን ሙሉ ፈለግኩ። ለካ የውስጠኛው ዙር ያለችውን አንዲት ጣት እስከ ሰልፉ ጫፍ ወስዷታል፤ የውጪው ዙር ቦታዬ የት ነበር ብሎ ሲመለስ ሰልፉ አልቆበታል።

አንድ ቀን ያቺን ተማሪ ሳቢያን ታክሲ ስትጠብቅ አገኘኋት። «ልክ ነበርሽ» አልኳትና እንደ ልማዴ ማብራራት ጀመርኩ።

«አውቃለሁ ቲቸር፣ ያኔም አውቅ ነበር» አለች። «ለእኔ ምን ያደርግልኛል? የሳቁት እነሱ ናቸው፤ ለእነሱ ንገራቸው።» ታክሲው መጣና ገባች።

ዘንድሮ ትምህርቱን በእሷ መንገድ አስተማርኩ፤ ከአንዲት ተማሪ የተማርኩት መሆኑንም ተናገርኩ። ሁሉም አንገታቸውን ደፍተው ጻፉ። ያን ቀን ከሳቁት ግን አንድም እዚያ አልነበረም።