ከማልን ያጎረስኩ ዕለት

ባለፈው ሳምንት የታመመ ዘመድ ልንጠይቅ ሆስፒታል ስንደርስ ዘበኛው «እጅህን ሳትታጠብ አትገባም» አለኝ። ዝም ብዬ ታጠብኩ። ባለቤቴ አሞኝ እንደሆነ ጠየቀችኝ፤ ከዘበኛ ጋር ሳልከራከር አልፌ አላውቅማ።

ሠላሳ ሳልሞላ ጁባ ነበርኩ። ብዙ ስለማነብ ብዙ የማውቅ ይመስለኝ ነበር። ያን የዝናብ ወራት ወሬው ሁሉ ኮንጎ የገባው ኢቦላ ሆነ፤ ቶንፒንግ ሰፈር በየመሥሪያ ቤቱ በር የክሎሪን ባልዲ ተቀመጠ። እኔ ግን «ወባ በየቀኑ ሲገድለው ያልደነገጠ ሰው፣ ላላየው በሽታ ይታጠባል» እያልኩ አሾፍ ነበር። አባባሌ ጨርሶ ሐሰት አልነበረም፤ አደገኛ ያደረገውም ይኸው ነው።

ኮንዮ ኮንዮ ገበያ ሱቅ የነበረው ጓደኛዬ ከማል ከኮንጎ ድንበር ዕቃ ጭኖ በተመለሰ በሳምንቱ አተኮሰው፤ ያስመልሰውም ጀመር። ጀበል ሰፈር ያለ አንድ ትንሽ ክሊኒክ ለብቻው አስተኙት። የደም ምርመራው ውጤት እስኪመጣ ጠያቂ አይገባም ተባለ።

ለእኛ ሰው ይህ ነውር ነው። ሃያ ያህል ሆነን ቀዩ ጭቃ ውስጥ ቆመን ሾርባና አጥሚት ይዘን ጠበቅን። ነርሷ ሲስተር አሪየት ጋምቤላ ያደገች ናት፤ አማርኛዋ ከእኛ አያንስም።

«ወንድሜ፣ ምግቡን ስጠኝ፤ እኔ አስገባለታለሁ።»

«በጓንት የጎረሱት ደግሞ ምን ይጣፍጣል?» አልኳት። ሰዉ ሳቀ።

«ካላስ! በቃ፣ ቀልድ የለም» አለች።

ሳቁ ልቤን አሳበጠው። ሌላ በሽተኛ ልትቀበል ዞር ስትል ሹልክ ብዬ ገባሁ። ከማል ሲያየኝ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ።

«ውጣ!»

ትከሻውን ይዤ መለስኩት፤ ባለቤቱ የላከችውን ፍትፍት ጠቅልዬ አፉ ላይ ያዝኩ። ጉርሻ አይመለስም፤ ጎረሰ። ወዲያው እጄ ላይ አስመለሰው።

ሲስተር አሪየት በሩ ላይ ቆማ ነበር። አልጮኸችም። እጄን በክሎሪን ውኃ አሳጠበችኝና የጎኑን ክፍል ከፈተች። «አንተም ውጤቱን እዚህ ትጠብቃለህ።»

ከበሩ እስከ መስኮቱ ስድስት እርምጃ ነበር። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ እቀመጣለሁ፣ እነሳለሁ፣ ጉሮሮዬን አሞኝ እንደሆነ ለማወቅ ምራቄን እውጣለሁ። ያነበብኩት ሁሉ የበሽታውን ምልክቶች ከማስታወስ በቀር የፈየደልኝ ነገር የለም።

በሦስተኛው ቀን ውጤቱ መጣ፤ ኢቦላ አይደለም፣ ወባ ነው። «አላልኩም?» ልለው እየተንደረደርኩ ገባሁ። ከማል ከስቶ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጧል።

«ብቻዬን ሳለሁ የምፈራው ሞቴን ነበር» አለኝ። «ካጎረስከኝ በኋላ ግን ገዳይም ልሆን ነው ብዬ ነው የፈራሁት። የራሴ አልበቃኝም ነበር?»



ዛሬም ብዙ ደንብ የፈሪዎች ሥራ ነው እላለሁ፤ ስለ ወባውም ልክ ነበርኩ። በዚያ ልክነቴ ግን አንድም ቀን ኮርቼ አላውቅም። ከማል አሁን አዲስ አበባ ነው፤ ወዳጅነታችንም እንዳለ ነው። መታመሙን ግን ሁልጊዜ የምሰማው ከዳነ በኋላ ነው።