የሮመኑ ወርዋሪ

ኪሩቤል ኦስሎ የገባው በአሥራ ሁለት ዓመቱ ነው። ሮመን በሚባለው የከተማዋ ሰፈር ከቤታቸው ጀርባ ሜዳ ነበር። ሌሎቹ ልጆች ወደ እግር ኳሱ ሲሮጡ፣ እሱ አጥር ተደግፎ አንድ ሰውዬ ጉብታ ላይ ቆሞ ኳስ ሲወረውር፣ ባለ ዱላው ደግሞ አየር ሲመታ እያየ ቀረ። "ይሄንንማ እኔም እችላለሁ" አለ። ቻለም፤ በሃያ ሁለት ዓመቱ የቤዝቦል ክለቡ አንደኛ ወርዋሪ ሆነ። ጨዋታው ደመወዝ የለውምና በአዘቦት ቀን የአረጋውያን መጦሪያ ወለል ያጸዳል፤ ቅዳሜ ግን ጉብታው የሱ ነው።

ኳሱን የሚቀበልለት ፊሊፕ ነበር፤ የላምበርትሴተር ሰፈር ልጅ፣ አባቱ ፓስተር፣ ራሱ ቁጥብ። ስምንት ዓመት ሙሉ ፊሊፕ ከመቺው ጀርባ ቁጢጥ ብሎ በጣቱ ምልክት ይሰጣል፣ ኪሩቤል ይወረውራል።

አንድ ቅዳሜ የኪሩቤል ትከሻ አልታዘዝ አለ። አሰልጣኙ ፊሊፕን "እስቲ አንተ ሞክር" አለው። ፊሊፕ የፊት መከላከያ ጭምብሉን አውልቆ ጉብታው ላይ ወጣ። ዘጠኝ መቺዎች ተከታትለው መጡ፤ ዘጠኙም ኳሱን ሳይነኩ ተመለሱ። ተመልካቹ ቢበዛ ሠላሳ ሰው ነው፤ ለኪሩቤል ግን ከተማው በሙሉ ያጨበጨበ መሰለው። ሮጦ አቀፈው። ጥርሱ ሳቀ፣ ሆዱ አረረ።

ከዚያ ወዲያ ኪሩቤል የተቀያሪዎች አግዳሚ ላይ ቀረ። "ትከሻዬ እኮ ድኗል" ሲል "ትንሽ እረፍ" ይሉታል።

"ጓደኛህ አይደል? ደስ አይልህም?" አለችው ሚስቱ ብሩክታዊት።

"አዎ፣ አዎ፣ ደስ ብሎኛል" አለ፤ ፊቱን ግን አላዞረላትም።

በመስከረም የጀርመን ሁለተኛ ዲቪዚዮን ክለብ አሰልጣኝ ደወለ። ኪሩቤል የቡድኑ አምበል ስለሆነ ለክለቡ የሚደወለው በእሱ ስልክ ነው።

"የፊሊፕን ቪዲዮ አይተናል። ክንዱ ጤነኛ ነው?"

ኪሩቤል የጽዳት ጋሪውን እንደያዘ ኮሪደሩ ላይ ቆመ። "ክርኑ ተጎድቷል" አለ። "ይደብቀዋል እንጂ።"

ሰውዬው አመስግኖ ዘጋ።

በረዶው ቀልጦ ግንቦት ሲገባ፣ ፊሊፕ የእህቱ ሠርግ ላይ ስለነበር የመክፈቻውን ጨዋታ ኪሩቤል ወረወረ። በዕድሜው እንዲያ ወርውሮ አያውቅም፤ አሸነፉ። ገና ሜዳው ላይ እያለ ፊሊፕ ውጤቱን ሰምቶ ከሠርጉ ደወለለት።

"ወንድሜ! ምነው ዛሬ እኔ በተቀበልኩልህ!"

ኪሩቤል በማግስቱ ላምበርትሴተር ሄዶ የሠራውን ሳይሸሽግ ነገረው።

"ለምን?" አለ ፊሊፕ።

"ቀናሁብህ።"

"ቪዲዮውን የላክሁት እኔ ራሴ ነኝ። መልስ ሳጣ ክንዴ አይረባም ብዬ ስምንት ወር ራሴን ስረግም ከረምኩ።" ፊሊፕ በሩን ከፈተ። "አሁን ሂድልኝ።"

ኪሩቤል ከደጁ ሳይርቅ ጀርመን ደውሎ "ዋሽቻችኋለሁ" አለ። ቦታው ግን ተይዞ ነበር። ፊሊፕን የወሰዱት በዓመቱ ነው፤ ሲሄድም አልተሰናበተውም።

ኪሩቤል ዛሬም ሮመን ይወረውራል። እሑድ እሑድ የጀርመኑን ውጤት ሲከፍት፣ ዓይኑ ቀድሞ የሚፈልገው ፊሊፕ ላይ ስንት ነጥብ እንደተቆጠረ ነው። ብዙ ከሆነ ልቡ ቅልል ይለዋል፤ ወዲያው ያፍራል። ጥቂት ከሆነ "ጎሽ" ይላል ጮክ ብሎ፤ ቃሉ ከአፉ እስኪወጣ ግን ጊዜ ይፈጃል።