በሚስኮል የተተከለ ድንኳን

ያሳደገችኝ አክስቴ ናት፤ ስለዚህ ሥራ ፈት ብላ የመስደብ ሙሉ መብት ነበራት። ቱላ ውስጥ ድንኳን፣ ወንበርና ብረት ድስት ታከራያለች። እኔ ደግሞ እዚሁ ሐዋሳ ተምሬ ከተመረቅኩ በኋላ፣ ሳሎኗ ውስጥ ላፕቶፕ ታቅፌ የሞባይል አፕ እሠራ ነበር። ለእሷ ሥራ ማለት በጠዋት ከቤት የሚያስወጣ ነገር ነው። ከቤተ ክርስቲያኗ ወንድሞች አንዱ፣ የመሥሪያ ቤት ኃላፊ የሆነው፣ መዝገብ ቤት ሊያስቀጥረኝ ቃል ገብቶላታል። መዝገብ ቤት! ገና ስሙን ስሰማ ያስነጥሰኛል። ለምኜ ለምኜ አንድ ወር ሰጠችኝ። ለድንኳኗ አፕ እሠራላታለሁ፤ ከተሳካ በሙያዬ እቀጥላለሁ፣ ካልተሳካ አፌን ዘግቼ መዝገብ ቤት እገባለሁ።

አፑ ቀላል ነበር። ደንበኛው ስሙንና ቤቱን አንዴ ያስገባል፤ ከዚያ ቅዳሜ መርጦ «ድንኳን ያዙልኝ» የሚለውን ይጫናል። ቀኑን የሚይዘው ግን ስልኩ አይደለም። የራሴ ሰርቨር ስላልነበረኝ «ፈንክሽን» የሚባል ትንሽ ፕሮግራም ጽፌ፣ ሩቅ አገር ባለ ኩባንያ ኮምፒውተር ላይ አስቀመጥኩ። አፑ ሲጠራው ይነቃል፣ ሥራውን ይሠራል፣ መልሱን ይልካል፣ ተመልሶ ይተኛል።

«ታዲያ ቀኑን ሙሉ ይተኛል?» አለች አክስቴ።

«ካልጠሩት፣ አዎ።»

«እንዲህ ያለውማ እኔም ቤት አለ።»

እንቅልፋምነቱ አንድ ጣጣ ነበረው። ሲቀሰቅሱት ቶሎ አይነቃም፤ መልሱ እስኪመጣ ስክሪኑ ላይ ክብ ነገር ይሽከረከራል። ደንበኛው ይጠብቃል ብዬ ነበር። የትኛው ደንበኛ! እኛ ዘንድ ሰው ስልክ የሚደውለው ለማውራት ብቻ መሰላችሁ? አንዴ አስጠርቶ ይዘጋል። ሚስኮል ነው፤ የተፈለገው ሰው በራሱ ሂሳብ መልሶ ይደውላል። አፑንም እንደዚያው ያዙት። ይጫናሉ፣ ክቡ ሲዞር ያያሉ፣ ይዘጋሉ፤ ከዚያ አክስቴ እስክትደውልላቸው ቁጭ ብለው ይጠብቃሉ። ፈንክሽኑ ግን ጠሪው ዘጋ አልዘጋ ደንታው አይደለም። አንዴ ከነቃ ቀኑን ይይዛል፤ «ድንኳኑ ተይዞልዎታል» የሚለው መልስ ሰው ወደሌለበት ይሄዳል።

ቅዳሜዎቹ በሙሉ ተያዙ። አክስቴ ከደስታዋ ብዛት ጸሎት ላይ እንኳ ስለ አፑ አመሰገነች። «ለማንኛውም ደውዬ ላረጋግጥ?» ስትለኝ፣ «አያስፈልግም፣ እሱ ሁሉንም ጨርሷል» አልኳት ደረቴን ነፍቼ።

የመጀመሪያው ቅዳሜ ተረኛ ቡሹሎ መንደር ያለ ደንበኛ ነበር። በጠዋት ድንኳኑን አይሱዙ ላይ ጭነን ሄድን። አፑ ሠርግ ይሁን ለቅሶ አይጠይቅም፤ ሐዘን የደረሰበትን ሰው «ለምን ፈለጉት?» ማለት ነውር መስሎኝ ትቼዋለሁ። አክስቴ ግቢው ጭር ማለቱን አየችና፣ «ሠርግ ቢሆን ድምፅ ይሰማ ነበር» ብላ ነጠላዋን አዘቀዘቀች። ለቅሶ ቤት ደግሞ በር እያንኳኩ ሰው አያስቸግሩም። ሠራተኞቻችን አንገታቸውን ደፍተው ከአጥሩ ፊት ለፊት ብረቱን መትከል ጀመሩ።

ሸራው ገና ሳይወጠር መንደሩ ወጣ። የቤቱ ባለቤት፣ ሚስታቸው የሞተችባቸው፣ ብቻቸውን የሚኖሩ ጡረተኛ መሆናቸውን ያወቅኩት ከአልቃሾቹ ነው። ሴቶቹ በአማርኛም በሲዳምኛም ያለቅሳሉ። ከሁሉ የባሰው ከአጥሩ ማዶ ያለው ጎረቤት ነበር። በወሰን ተጣልተው ሰላምታ ካቆሙ ቆይተዋል አሉ። መሬት ላይ ተቀምጦ፣ «ወንድሜን! ሳንታረቅ! ወንድሜን!» እያለ ያነባል።

በሩ ተከፈተ። ሽማግሌው በፒጃማ፣ ግማሽ ፊታቸው በሳሙና አረፋ ተሸፍኖ፣ ምላጭ ይዘው ብቅ አሉ።

«ማን ሞተ?»

አንዲት ሴትዮ እሪ ብላ ሮጠች። ሌላው ሁሉ ደርቆ ቀረ።

«እርስዎ ነዎት፣ አባባ» አለ ከሠራተኞቻችን አንዱ፣ በትሕትና።

በሕይወቴ እንደዚያች ደቂቃ ፈርቼ አላውቅም። ወደፊት ወጣ ብዬ፣ «አባባ፣ በአፑ ድንኳን ይዘው ነበር» አልኩ።

«እኔ? ሚስኮል ነው እንጂ ያደረግኩት! የልጅ ልጄ ስለምትመረቅ የወንበር ነገር ልጠይቅ ብዬ። እስካሁን መልሶ የሚደውል ጠፋ!»

አክስቴ ዞር ብላ አየችኝ። መዝገብ ቤቱ ዓይኗ ውስጥ ነበር፤ ወንበሬ ሳይቀር ታየኝ።

ጎረቤቱ ግን ከመሬት አልተነሳም ነበር። ሽማግሌው አጠገቡ ሄደው ቆሙ።

«ለእኔ ነው የምታለቅሰው?»

«ሞተሃል መስሎኝ ነው» አለ ጎረቤቱ፣ እንደ ማፈር ብሎ።

«በል ተነስ፤ አልሞትኩም።»

ሲተቃቀፉ አረፋው የጎረቤቱ ጉንጭ ላይ ተለጠፈ። ሽማግሌው ወደ እኛ ዞረው፣ «ጨርሱት እንጂ ድንኳኑን! ይህን ሁሉ ሰው አስለቅሼ ባዶ ሆዱን ልሸኘው ነው?» ብለው ተቆጡ። ከየቤቱ ምግብ መጣ፤ እኛም ተቀምጠን በላን።

ስንመለስ መኪናው ውስጥ አክስቴን «አስተካክለዋለሁ» አልኳት። «ከእንግዲህ ሰው ራሱ መልሱን አይቶ አዎ ካላለ ቀን አይያዝም።»

«ሰውየው ዘግቶበት እንኳ አፕህ ሥራውን ጨርሷል» አለች፣ ያልኩትን ሳትሰማ። «ስንቱ አለ፣ ፊቱ ቆመህ ለምነኸው የማያደርግልህ።»

ከዚያ ስልኳን አውጥታ ለቤተ ክርስቲያን ወንድሟ ደወለች።

«ወንድሜ፣ ያ ቦታ ለሌላ ልጅ ይሁን። የእኔው ሥራ ይዟል።»

«ጌታ ይመስገን!» ሲል ከማዶ ተሰማኝ። «ምን ሥራ?»

አክስቴ አየችኝ፣ አሰበች። ልረዳት አፌን ስከፍት በእጇ ከለከለችኝ።

«ድንኳን ይተክላል» አለች፣ ኮራ ብላ።